ሽኝት እስከ ውርጌሳ

ያን ዕለት ጠዋት መርሳ፣ ቤታችን ደጃፍ ላይ፣ አራት ነበርን። እናቴ መቃኑን ተደግፋ ቆማለች። አጎቴ ከሻንጣው አጠገብ ነው። ታላቅ እህቴ ደረጃው ላይ ነበረች፤ እኔ ከኋላዋ። በዚያ ሙቀት ወፍራም የሱፍ ሹራብ ለብሳ ስለነበር የሱቅ ሽታው እስከ እኔ ይደርስ ነበር።

ሰሞኑን ወልድያ ቤቴ ተቀምጠን፣ ከአዲስ አበባ ሞስኮ ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ የልጅ ልጄን ጠየቅኋት። ስልኳን ነካ ነካ አድርጋ አሳየችኝ። ሁለቱን ከተሞች አንድ ቀጭን መስመር እንደ ቀስት ጎብጦ ያገናኛቸዋል። «ስምንት ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ቅርብ ነው እኮ አያቴ!» አለች። ሹራቡ ያን ጊዜ ሸተተኝ።

እህቴ ሞስኮ ሕክምና ልትማር ነበር የምትሄደው። እናቴ ግን «የማላውቀው አገር ልጄን አልሰድም» ብላ ሰነበተች። እህቴ ለምና ሲያቅታት፣ አውሮፕላኑ ስምንት ሰዓት እንደማይፈጅ ነገረቻት። እናቴ መንገድ የምታውቀው በአውቶቡስ ነው። አዲስ አበባ ለእሷ መንገድ ላይ ታድሮ የሚደረስባት ከተማ ናት።

«ተነስተሽ በዚያው ቀን ትገቢያለሽ?»

«እገባለሁ።»

«አልሐምዱሊላህ! እንግዲያማ ከአዲስ አበባም ትቀርባለች።»

አጎቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ሳቀ። «በእኔ መኪና ብትሄድ ሳትሸብት አትደርስም» አለ።

«አንተ ደግሞ እዚህ ቅርብ ሐራ ደርሰህ ለመመለስ ሁለት ጎማ የምትለጥፍ! ማን ጠየቀህ?»

ሊመልስላት አፉን ሲከፍት እህቴ አየችው። መልሶ ገጠመው። እናቴ ፈቀደች።

በእኛ ዘንድ ተጓዥ የሚሸኘው እንደ መንገዱ ነው። ቅርብ የሚሄድ ከደጃፍ ይሰናበታል፤ ሩቅ የሚሄድ ስንቅ ተቋጥሮለት ርቆ ይሸኛል። እናቴ ስንቅ አልቋጠረችም። «በዚያው ቀን ለሚገባበት አገር ምን ስንቅ አለው?» አለች። ደጃፉ ላይ እህቴን ሳመቻትና «በሉ ሂዱ፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጣችሁ» አለችን።

የግቢውን በር ስናልፍ የነጠላ ጫማዋን ድምፅ ከኋላችን ሰማሁ። «እስከ አስፋልቱ ልምጣ» አለች። አስፋልቱ ላይ አጎቴ ሻንጣውን ጭኖ ተሰናበተ። እኔ እህቴን ስስም እናቴ አውቶቡሱ ውስጥ ገብታ ተቀምጣለች። «ውርጌሳ ጉዳይ አለኝ» አለች። ውርጌሳ በደሴ መንገድ ያለች ቀጣይ ከተማ ናት፤ እዚያ ማንም አልነበራትም። እኔም ተከትያት ገባሁ።

እህቴ ትምህርቷን ጨርሳ፣ እዚያው ሥራ ይዛ ቆየች። ስትመጣ እናቴን በመቃብሯ ነው ያገኘቻት።

ያን ጠዋት እስከ ውርጌሳ ድረስ በመስኮቱ የማሽላ ማሳ ያልፋል፤ እናቴ የሹራቡን እጅጌ በሁለት ጣቷ ይዛ ነበር። ረዳቱ «ወራጅ!» ሲል ለቀቀችው። ወረድን። ከመስኮቱ ሥር ቆማ ቀና አለች።

«እውነት ከአዲስ አበባ ትቀርባለች?»

እህቴ በመስኮቱ ጎንበስ አለች። «ትቀርባለች እማ።»

«እንግዲያ መስኮቱን ዝጊው፤ አቧራ ይገባብሻል።»

እህቴ መስኮቱን ዘጋችው። አውቶቡሱ ወደ ደሴ ሄደ።