ጠጠሮቼን የደረደረልኝ ሰው

ይህ የሆነው በሰባ ሰባቱ የረሃብ ዘመን፣ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ ነው። ብዙ ዓመታት አልፈውታል፤ የቼዝ ሰሌዳ በዘረጋሁ ቁጥር ግን ያ ሰው ይታወሰኛል።

ከስደት በፊት ጎንደር ውስጥ የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊ ነበርሁ። ገዳሪፍ ላይ በሰሊጥ መጋዘን ጆንያ ተሸካሚ ሆንሁ። ሥራውን አልናቅሁትም። የከበደኝ፣ ቀድሞ ማን እንደነበርሁ የሚያውቅ አንድ ሰው እንኳ ማጣቴ ነበር።

ዓርብ ዓርብ መጋዘኑ ሲዘጋ ወደ ሠራተኞች ክበብ ሄጄ ቼዝ እጫወት ነበር። አንድ ዓርብ፣ ጃላቢያ የለበሰ ከሲታ እንግዳ ከፊቴ ተቀመጠ። ነጮቹ የእኔ ነበሩ። የንጉሤን ወታደር ሁለት እርምጃ ባስኬደው፣ እሱ የራሱን አንድ ብቻ ገፋ አደረገ፤ የፈረንሳይ መከላከያ የሚባለው አጀማመር ነው። ጎንደር በነበረን የቼዝ ክበብ ሁላችንም በዚሁ ነበር የምንከላከለው። ልቤ ደነገጠ።

«ጎንደርን ያውቁታል?» አልሁት በአማርኛ።

«ወላሂ አላውቀውም፣ ያ አሚ! እኔ የከሰላ ልጅ ነኝ፤ አማርኛውን ከገበያ ነው የለቀምሁት» ብሎ ሳቀ፤ «ያ አሚ» የሱዳኖቹ «አጎቴ» ነው። «ይልቅ ይጫወቱ፤ ፈረስዎ ውኃ ጠምቶት ቆመ እኮ!»

በዚያ ጊዜ ሰላይ ስለሚፈራ ስሙንና አገሩን የሚደብቅ ስደተኛ ብዙ ነበር። ደግሜ አልጠየቅሁም።

አሸነፈኝ። ወዲያው እጁ ወደ እኔ ነጮች ሄደና አንድ በአንድ በየቦታቸው ያቆማቸው ጀመር። በጎንደሩ ክበባችን ያሸነፈ ሰው የተሸናፊውን ጠጠሮች ይደረድራል፤ ተሸናፊውም የአሸናፊውን። ተጫዋቾች ተኳርፈው እንዳይለያዩ ብለን እኛው ያወጣነው ደንብ ነበር፤ ሌላ ቦታ አይቼው አላውቅም።

ንግሥቴን እንደያዘ እጁ ቀጥ አለ። ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ በሩን አየ። እኔም ጥቁሮቹን እደረድርለት ጀመር። ንግሥቴን በቦታዋ አቆመና ተነሣ።

«ደኅና ይዋሉ፣ ጋሼ» አለኝ በቀስታ። «ያ አሚ» አላለኝም።

በሚቀጥለው ዓርብ ሰሌዳውን ዘርግቼ ጠበቅሁት። ሾዋክ ወደሚባል ሌላ ከተማ ሄዷል አሉኝ። ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አሁን ጡረታ ወጥቼ ጎንደር ነው ያለሁት። የያኔው ክበብ የለም። ብቻዬን ስጫወት ሁለቱንም ወገን የምደረድረው እኔው ነኝ። ጥቁሮቹን ፈጥኜ አቆማቸዋለሁ፤ ነጮቹን ግን፣ የሚደረድርልኝ ሰው ያለ ይመስል፣ ጥቂት አቆያቸዋለሁ።