ባሌ በልጃችን አልበም ላይ የሰጠው ፍርድ

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። ደንበኞቹ ግን «ዳኛው» ይሉታል፤ ሱሪ ሊያሳጥሩ መጥተው የሚወዱትን ዘፋኝ አጣጥሎ ስለሚሸኛቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከስፌት መኪናው አጠገብ ዘፈን ጠፍቶ አያውቅም። ቴፑ ሲያረጅ ሲዲ መጣ፣ ሲዲው ሲያረጅ ስልክ መጣ። ምላሱ ግን ያው ናት፣ ልጓም የላትም።

አንድ የባንክ ጥበቃ ሠራተኛ የሚወደውን የፍቅር አልበም አመጣለት። ባሌ ዘጠኙንም ዘፈን በትዕግሥት ሰማና፣ «ወንድሜ፣ ይቺ ሴት በአንድ አልበም ሰባት ጊዜ ጥላው ሄደች። ይሄ ሰውዬ እስቲ ራሱን ይጠይቅ» አለው። ሰውዬው ኮቱን ሳይለካ ወጣ። ጃዝ ሲሆን ደግሞ፣ «ሁሉም በየፊናው ሄዶ መጨረሻ ላይ ይገናኛል፤ እስኪገናኙ እኔ አንድ ሱሪ እጨርሳለሁ» ይላል። ስድብ እንዳይመስላችሁ፣ ጃዝ ይወዳል። የሮክ ዘፋኝ ሲሰማ፣ «እናቱ ክፍልህን አጽዳ ያለችው ልጅ ነው የሚመስለው» ብሎ አስቆኛል። ራፕ ይንቃል ብላችሁ ስትጠብቁ ደግሞ፣ «ይሄ ልጅ ሥራውን ያውቃል፣ አንድ ቃል አላባከነም» ይላችኋል። እኔ ለሰርጋችን የመረጥኩትን ዘፈን እንኳ «መግቢያው ረዘመ» ብሎኛል፣ ያውም እዚያው ከጎኔ ተቀምጦ።

ጉድ የመጣው ልጃችን ዘፋኝ ልሁን ስትል ነው። ቀን መድኃኒት ቤት ትሠራለች፣ ከሥራ መልስ ስቱዲዮ ትገባለች። ከሰባት ወር በፊት የመጀመሪያ ዘፈኗን ስታሰማው፣ «ድምፁ ያንቺ ነው፣ አዘፋፈኑ የሰው ነው» አላት። አንጀቷ አረረ። በሩን በላያችን ላይ ዘግታ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ቤታችንን ረግጣ አታውቅም። ለእኔ ትደውላለች፣ «አባዬን ሰላም በይልኝ» ግን አትልም። እሱም ኩሩ ነውና አይደውልም። ስልኬ ሲጠራ ግን መኪናውን አቁሞ ጆሮውን ይጥላል።

ባለፈው ሳምንት ደወለች። ስምንት ዘፈን ጨርሳለች፤ ሰኞ ለአሳታሚው ከማስረከቧ በፊት አባቷ እንዲሰማው ትፈልጋለች። ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ የአባቷ ምላስ ትዝ አለኝ። ባሌን ይዤ፣ «ስማኝ አንተ ሰውዬ፣ አንድ ክፉ ቃል ከአፍህ ከወጣ ልጄን ዳግመኛ አጣታለሁ። ጥሩ ነው ብቻ በል። ሁለት ቃል ናት፣ አትከብድህም» አልኩት።

«ጥሩ ካልሆነስ?»

«ያኔም ጥሩ ነው።»

ቅዳሜ ከሰዓት መጣች። ስልኳን ጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ዘፈኑን ከፈተችው። እሱ የደንበኛ ቀሚስ ይዞ መኪናው ላይ ተቀመጠ፤ እጁ ሥራ ሳይዝ ዘፈን መስማት አይሆንለትም። ስምንቱም አለቀ። ባሌ ቀና ብሎ እኔን አየኝና፣ «ጥሩ ነው» አለ። እንዳልቆጣው ፈርቶ ነው መሰለኝ፣ «ሁሉም ጥሩ ነው» ብሎ ጨመረበት። እኔ በሆዴ ተመስገን አልኩ።

የልጄ ፊት ግን ጠቆረ። «አባዬ፣ ዘፈን ሲያስጠላህ መኪናውን ታቆምና ክር ያለበት መርፌ ላይ እንደገና ክር ታስገባለህ። እዚህ ጠረጴዛ ሥር ነው ያደግኩት። ዛሬ አራት ጊዜ አስገባህ። ጓደኞቼ ጥሩ ነው ብለውኛል፣ አቀናባሪውም ጥሩ ነው ብሎኛል። እዚህ የመጣሁት የማይዋሸኝ አንድ ሰው አለ ብዬ ነበር» አለችና ቦርሳዋን አነሳች።

በዚያች ሰዓት ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «በል ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ማንም አልሰማኝም።

ባሌ እግሩን ከመርገጫው ላይ አነሳ። «ተቀመጪ» አላት። «ከመጀመሪያው ክፈችው።»

ከዚያማ አፉ ተከፈተ። «አንደኛው ይሁን፣ ከበሮው ግን ተኝቷል። ሁለተኛው ላይ ጊታሩ ካንቺ በላይ ይጮኻል፤ አልበሙ የማን ነው? ሦስተኛውን ሬጌ ነው ብለሽ ነው? ሬጌ እንዲህ ይቸኩላል እንዴ? ይውጣ። አምስተኛውን ከሆነ ሰው ተውሰሽዋል፣ መልሺለት።» እሷ ትጽፋለች፣ ትከራከራለች። ሦስተኛው አይወጣም ብላ ድርቅ አለች። ሁለቱም ግንባራቸውን ቋጥረው ተፋጠጡ፤ አቤት መመሳሰል። የሰው ጭቅጭቅ እንደዚያን ቀን አስደስቶኝ አያውቅም።

ሰባተኛው ዘፈን መሀል ላይ ድምፅዋ ይሰነጠቃል። ራሷ ቀደመችው። «እዚህ ጋ ድምፄ መበላሸቱን አውቃለሁ። ሰኞ ሳላስረክብ እንደገና እቀዳዋለሁ።»

«እንዳትነኪው» አለ ባሌ።

«ተበላሽቶ እየተሰማ?»

«ከስምንቱ እውነት የተናገርሽው እዚያ ላይ ብቻ ነው። ሆድ ብሶሽ ነው የዘፈንሽው።»

ልጄ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ማን እንዳስከፋኝስ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ» አለ፣ ዓይኑን ከቀሚሱ ላይ ሳያነሳ። «እኔ ነኝ። ስሰማው በጣም አመመኝ። ቢሆንም አትንኪው።»