ከምስክርነት በኋላ ያልተሄደበት ቀጠሮ

የባለቤቴ ቀዶ ሕክምና ትንኝ ነክሳው የሄደች ያህል ነበር። ከልብ የሚወርደው ትልቁ የደም ሥሩ ሆዱ ውስጥ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ነበርና፣ ሐኪሞቹ ሆዱን ሳይከፍቱ በብሽሽቱ በኩል ቱቦ አስገብተው ደሙ በዚያ እንዲያልፍ አደረጉ። እኔ ሽንኩርት ስከትፍ ከዚያ የባሰ እቆስላለሁ። ብዙም ሳይቆይ ሻርጃ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ወደሚሠራበት ጋራዥ ሄዶ፣ ጎማ ላይ ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ ያዝኩት።

ከዱባዩ ሆስፒታል ስንወጣ ሐኪሙ በዐረብኛ ደጋግሞ ነግሮናል። ስንት ማዳም ቤት ስሠራ የተማርኩት ዐረብኛ ነው፣ አያመልጠኝም። ቱቦው ሊንሸራተት፣ በጎኑ ደም ሊያፈስ፣ ፊኛውም እንደገና ሊነፋ ይችላል፤ ታማሚው ግን ምንም ላይሰማው ይችላል። ስለዚህ ዕድሜ ልኩን በየጊዜው ሲቲ ስካን መነሣት አለበት።

የመጀመሪያውን ተነሣ፤ ደህና ነው ተባለ። በዚያው ሰሞን አጅማን ተከራይተን በምናመልክበት አዳራሽ መድረክ ላይ ወጥቶ «ጌታ ፈጽሞ ፈውሶኛል!» ብሎ መሰከረ። ከእልልታችን የተነሣ የሕንፃው ዘበኛ እሳት የተነሣ መስሎት እየሮጠ መጣ።

የሚቀጥለው ቀጠሮ ሲደርስ ግን ሻርጃ፣ አል ናህዳ ካለችው ክፍላችን ንቅንቅ አልል አለ።

«ፈጽሞ ብዬ መስክሬ፣ እስኪ ልየው ብዬ ልሂድ? ጉባኤው ምን ይለኛል?»

«ሰውዬ፣ ፎቶ ነው እኮ! ጌታ ካሜራ አይፈራም።»

«አንቺ መቼም ሲኦል ብትገቢም ትቀልጃለሽ።»

«እዚያ ከገባሁም አንተን ፍለጋ ነው። ያላ፣ ጫማህን አድርግ!»

ሳቀ። ጫማውን ግን አላደረገም።

ወራት አለፉ። በመጨረሻ ፓስተራችንን እየጎተትኩ ቤት አመጣኋቸው።

«ወንድሜ፣ እኔም እኮ የስኳር መድኃኒቴን ውጬ ነው የምሰብከው» አሉት።

ባለቤቴም፣ «እንግዲያው ቀጠሮ ያዢልኝ» አለኝ። ለሐሙስ ያዝኩለት።

ሰኞ ጠዋት ጥርሱን እየቦረሸ ሳለ «ወገቤን!» ብሎ ግድግዳውን ተደገፈ። ታክሲ ውስጥ ከተትኩት። ከናህዳ ዱባይ እስኪደረስ ልጅ ወልዶ መዳር ይቻላል እያልኩ ስቀልድ ኖሬያለሁ፤ ያን ጠዋት መኪኖቹ እውነትም እንደ ሕንፃ ተተክለው ነበር። ላቡ መቀመጫውን አራሰው።

«እንዲህ ነጥተህማ ፎቶ ላይ ልታምር ነው» አልኩት። ፈገግ ሊል ሞከረ። ሆስፒታሉ ደጃፍ ስንደርስ እጁ እጄ ውስጥ ቀዝቅዟል።

ቱቦው ከቦታው ተንሸራቶ፣ ፊኛው ፈንድቶ ነው አሉኝ። ቀደም ብሎ ቢታይ ኖሮ፣ በዚያው በብሽሽቱ በኩል ሌላ ቱቦ ይቀጠልለት ነበር።

አገር ቤት እናቱ ጋ ደውዬ አረዳኋቸው። ያን ምስክርነት በስልክ አሰምተናቸው፣ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርተውታል።

«ድኗል አላላችሁኝም ነበር እንዴ?» አሉ።

«ድኖ ነበር፣ እማማ።»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

ስለ ቱቦው ልነግራቸው ጀመርኩ። እሳቸው ግን የልጃቸውን ስም መጥራት ጀምረው ነበር።