በሦስተኛው የጾም ቀን የተለካው ስኳሬ

ወገኖቼ፣ ጌታ ይባረክ! በእግሬ ላቆመኝ ጌታ ክብር ይሁን! ምስክርነት አለኝ ብዬ መሪያችንን ስለምነው ይኸው ሦስተኛ ዐርቤ ነው። ዛሬ ፈቅዶልኛል፤ ሳልጨርስ እንዳታስቀምጡኝ። ተናድጃለሁ። እዚህ መድረክ ላይ አንዴ የሰጠሁት ምስክርነት ሰው ሊገድል ስለሆነ እሱን ለማፍረስ ነው የቆምኩት። መጀመሪያ ስሙኝ፣ ከዚያ ገሥጹኝ።

ካርቱም ስገባ ጌታን አላውቀውም ነበር። ያገኘሁት እዚሁ በመካከላችሁ ነው፣ ሃሌ ሉያ! የምሠራው እዚሁ ካርቱም፣ ሪያድ የሚባለው ሰፈር ነው፣ ሐጃ የምንላቸው አንዲት አሮጊት ሙስሊም ቤት።

ያኔ የያዘኝን ድካም ታስታውሳላችሁ። ጠዋት ስነሣ እግሬ የእኔ አይመስለኝም። ፎቁን እስክወጣ ደረጃው ላይ ሁለቴ እቀመጣለሁ። ውኃ ብጠጣ ብጠጣ አልረካም። አንዳንዶቻችሁ ምን አላችሁኝ? “የስንፍና መንፈስ ነው!” ስንፍና! ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ ስትለፋ የምትውለውን ሴት! እኔም ጉልበት ይሰጠኛል እያልኩ ሻዬን በአራት ማንኪያ ስኳር እጠጣለሁ። ለጥቂት ጊዜ ቀና እላለሁ፣ ከዚያ የባሰ እዝላለሁ።

የነቁብኝ ሐጃ ናቸው። ሱከሪ የሚሉት የስኳር በሽታ እሳቸውም አለባቸው፤ መለኪያ ማሽን ቤት ውስጥ አላቸው። አንድ ጠዋት ምንም ሳልቀምስ “ታዓሊ ያ ቢቲ፣ ነይ ልጄ” ብለው ጣቴን ወጉት። ሁለት መቶ ሰማንያ! ሐኪም ዘንድ ይዘውኝ ሄዱ። ዶክቶራዋ፣ “ሰነፍ አይደለሽም። ስኳሩ ደምሽ ውስጥ ሞልቷል፣ ግን ሰውነትሽ ሊጠቀምበት አልቻለም። በልተሽም ጉልበት የምታጪው ለዚህ ነው” አለችኝ። ወገኖቼ፣ አለቀስኩ። ሰነፍ አይደለሽም ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት! ኪኒን አዘዘችልኝ። ሳምንታት ሲያልፉ የጠዋቱ ቁጥር እየወረደ፣ ጉልበቴም እየተመለሰ መጣ። ደረጃውን ሳልቀመጥ ወጣሁት። ጌታ ይመስገን!

ከዚያ ያ እንግዳ አገልጋይ መጣ። ስሙን አልጠራም። “ኪኒን እየዋጥክ ተፈውሻለሁ ብትል ማን ያምንሃል?” አለ። የሦስት ቀን ጾም ጸሎት ታወጀ፣ ከውኃ በቀር ምንም። ገባሁበት፤ ኪኒኑንም አቆምኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሐጃ ማሽን ተለካሁ። መቶ አሥራ ሁለት! እየሮጥኩ መጥቼ እዚሁ ቆሜ “ተፈወስኩ!” ብዬ ጮህኩ። እናንተም ዘለላችሁ። ኪኒኔን በሩ ላይ ካለው ቆሻሻ መጣያ ስከተው አጨበጨባችሁልኝ።

እህል ሳይቀምስ ሦስተኛ ቀኑን የያዘ ሰው ስኳሩ ቢወርድ ምን ይገርማል? “ብዪና ደግመሽ ተለኪ” ያለኝ አንድ ሰው ከመካከላችን ጠፋ! ያሉኝ ሐጃ ብቻ ናቸው። ጌታ ፈወሰኝ ስላቸው፣ “አላህ ይፈውሳል፣ ማን ይክዳል? ግን ብዪና ነገ እንየው፣ ያላ፣ ነይ ልጄ” አሉኝ። እምነቴን የሚነኩብኝ መስሎኝ እምቢ አልኩ።

ሁለት ወር አልሞላም። ድካሙም ጥማቱም ተመለሰ፤ የሰይጣን ፈተና ነው ብዬ ጸሎት ጨመርኩ። አንድ ቀን ልብስ ሳሰጣ ተዝለፍልፌ ወደቅሁ። ስነቃ ሆስፒታል ነኝ፣ ክንዴ ላይ መርፌ ተተክሏል፣ ሐጃ አጠገቤ ተቀምጠው ይጸልያሉ። “ጌታ ሆይ፣ አምኜህ አልነበር? የት ነበርክ?” አልኩት። ድምፅ ሰማሁ አልላችሁም። ግን ልቤ ውስጥ “ጣትሽን የወጋችውን ሴት ማን ላከልሽ?” የሚል ጥያቄ ገባ። አፈርኩ። ፈውሱን ልኮልኝ ነበር፣ እኔ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት! በዚያ አልጋ ላይ ንስሐ ገባሁ፣ እሱም ማረኝ። ክብር ለስሙ!

እንግዲህ የተናደድኩት ለዚህ ነው። እዚህ መካከላችን አንዲት እህት ተቀምጣለች። ሱከሪ አለባት። ያን ቀን እኔን ሰምታ መድኃኒቷን ትታለች። ተሳስቼ ነበር ብዬ እግሯ ላይ ወድቄ ለመንኳት። ምን አለችኝ? “ያኔ የተናገርሽው በመንፈስ ነው፣ አሁን የምትናገሪው በፍርሃት ነው።” ወገኖቼ፣ ይህን ማን አስተማራት? እኛ ነን! እኔና ጭብጨባችሁ!

ዛሬ ጠዋት ከቁርስ በፊት መቶ ሃያ አምስት ነበርኩ። ኪኒኔን ውጬ፣ ጸልዬ፣ የቤቱን ሥራ ጨርሼ መጣሁ፤ ይኸው ሳልደገፍ ቆሜ እጮህባችኋለሁ። ጉልበቴን የሰጠኝ ጌታ ነው፣ ሃሌ ሉያ! በዶክቶራዋም በኪኒኑም በኩል የሠራው እሱ ነው።

እህቴ፣ በጌታ ታመኚ። ታመኚና መድኃኒትሽን ውሰጂ። እምነትሽ አነሰ የሚልሽ ካለ እኔ ጋ ላኪው። ነገ ጠዋት ምንም ሳትቀምሺ ሐጃ ቤት ነይ፤ ነግሬያቸዋለሁ፣ ይጠብቁሻል። ከዚያ አብረን ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን። እናንተ አሜን ለማለት አትቸኩሉ። መጀመሪያ እሷ ትበል።