ዜሮ ነጥብ ሦስት ዘጠኝ

ገዲሴ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት በተከራየችው ሱቅ ኮምፒውተር መጠገን ከጀመረች ቆይታለች። ከዲላ ስትመጣ ሐሳቧ ጸሐፊ መሆን ነበር። የተቀጠረችበት ቢሮ ኮምፒውተሮች ሲበላሹ እየነካካች ተማረችና በዚያው ሙያዋ ሆኖ ቀረ። ግትር ናት። ብልሽቱን ካላገኘች እህል አይወርድላትም።

አንድ ጠዋት ክብረት መጣ። ብስራተ ገብርኤል የሚኖር፣ የሰርግ ቪዲዮ አቀናባሪ ነው። ላፕቶፑን ጠረጴዛዋ ላይ አኖረና፣

«ገዲሴ፣ ተሸውጃለሁ መሰለኝ» አላት። «ፍጥነቱ ሁለት ነጥብ ስድስት ጊጋኸርትዝ ነው ብለው ነው የሸጡልኝ። አሁን ዜሮ ነጥብ ሦስት ዘጠኝ ይላል። አንድ ቪዲዮ እስኪከፍትልኝ ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ።»

«ፕሮሰሰሩን ቀይረውብህ ከሆነ አሁን እናየዋለን» ብላ ከፈተችው።

ፕሮሰሰሩ ራሱ ነው፤ አልተቀየረም። ፍጥነቱ ግን ንቅንቅ አልል አለ። የኃይል አጠቃቀሙን አስተካከለች። ዊንዶውሱን አጥፍታ እንደ አዲስ ጫነች። ያው ነው። አንዳች ነገር ከውስጥ አንቆ የያዘው ይመስል ከዚያች ቁጥር ፈቀቅ አይልም።

ክብረት ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ላፕቶፑ ቻርጀር እንደተሰካበት ክርኗ ሥር ነበር። የጥፍር ቀለም የመሰለ ሽታ ሱቁን ሞልቶታል። ገዲሴ ከጎረቤት ፀጉር ቤት የመጣ መስሏት ዝም ብላው ነበር የዋለችው። ላፕቶፑን ወደ እሱ ልታዞረው ስትል ተወዛወዘ። ጠፍጣፋው ጠረጴዛ ላይ ቀጥ ብሎ መቀመጥ አልቻለም።

ቻርጀሩን ነቀለች፤ ገለበጠችውና ብሎኑን መፍታት ጀመረች። የመጨረሻው ብሎን ሲወጣ ክዳኑ ማንም ሳይነካው ተስፈንጥሮ ተነሳ። ባትሪው እንደ ትራስ አብጧል፤ ሽታውም የሚወጣው ከእሱ ነበር።

«ማሽኑ ባትሪውን አላምን ብሎ ነው ፍጥነቱን የቀነሰው» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ኤሌክትሪክ ስግተው ዋልኩ።»

ባትሪውን ተጠንቅቃ አወጣችና ደጅ አሸዋ የሞላ ጣሳ ውስጥ አስቀመጠችው። ስትመለስ ክብረት ፊቱ ተለዋውጧል።

«ምነው?»

«እህቴ ምስጢርም ይሄንኑ ነው የገዛችው። በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ። ቀሰስ አለብኝ ስትለኝ ቫይረስ ነው ብዬ ተውኳት።»

«አሁን የት ነው ያለው?»

«አልጋዋ ላይ። ቻርጅ ላይ ጥላው ነው የምትወጣው።»

ደወለ። ይጠራል፤ አይነሳም። ደግሞ ደወለ። ገዲሴ ሱቁን ቆለፈችና አብረው ታክሲ ያዙ። ምስጢር ወደምትኖርበት ለቡ መብራት ኃይል እስኪደርሱ መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር፤ ክብረት መደወሉን አላቋረጠም።

ግቢው ሲደርሱ ጭስ ተቀበላቸው። ጎረቤቶች በሩን ሰብረው ውኃ ደፍተውበታል። ፍራሹ ከትራሱ በኩል ከስሏል። ምስጢር ዳቦ በፌስታል እንደያዘች ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች።

«ራሴን አሞኝ ከሥራ አስፈቅጄ መጣሁ» አለች። «ልተኛ ነበር። ርቦኝ ዳቦ ልግዛ ብዬ ወጣሁ። ስልኬ እዚያው አልጋው ላይ ቀረ።»

ክብረት አቅፏት አለቀሰ። ገዲሴ የከሰለውን ፍራሽ ዓይኗን ሳትነቅል ስታየው ቆየችና፣

«የሸጠላችሁ ሰውዬ ስንት ላፕቶፕ ነበረው?» ብላ ጠየቀች።

«ግድግዳውን ሙሉ ደርድሮት ነበር» አለ ክብረት።

በማግስቱ ገዲሴና ክብረት ላፕቶፖቹ የተገዙበት ሱቅ ድረስ ሄዱ። ተዘግቷል። ከጎን ያለውን ባለሱቅ ሲጠይቁት፣

«እሱማ ሄደ» አላቸው። «ዕቃው ሁሉ ተሸጦለት።»