እያወሩ መሄድ

አባቴ ልቡን ባመመው ቀን የአንድ ደንበኛ ኮት እጅጌ እያስተካከለ ነበር። ልብስ ሰፊ ነው። እስፒሎቹን በከንፈሩ ነክሶ ይይዛል፤ አንድ ይመዝዛል፣ ጨርቁ ላይ ይሰካል፣ ሌላ ይመዝዛል። ዕድሜውን በሙሉ እንዲህ ሲሠራ ስለኖረ አፉ ለወሬ ቦዝኖ አያውቅም። የሥራ ባልደረቦቹ ስሙን ትተው «እስፒል» ይሉታል። ያን ቀንም ሕመሙ ደረቱን ሲጨመድደው ትንፍሽ አላለም። ደንበኛው ነው፣ ላቡ እጁ ላይ ጠብ ሲልበት ቀና ብሎ አይቶት ሰው የጠራው። አባቴ ግን መጀመሪያ እስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሩ አውጥቶ ቆርቆሮው ውስጥ ከተተ፤ ከዚያ በኋላ ነው ወለሉ ላይ የተቀመጠው።

ሐኪሙ አልሸሸገንም። «የልቡ ጡንቻ አንዱ ክፍል ሞቷል። የሞተው አይመለስም። የቀረው ግን የሟቹንም ሸክም መሸከም ሊለምድ ይችላል። የሚለምደው ደግሞ ተኝቶ አይደለም» አለን።

አክስቴ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤታችንን የያዘችው እሷ ናት። ባሏን በዚሁ በሽታ ቀብራለች። ሰውየው የሞተው ከአልጋው ተነሥቶ መስኮት ሲከፍት ነው። ስለዚህ በእሷ ሂሳብ ሰው የሚሞተው ሲነሣ ነው። አባቴን ትራስ በትራስ ላይ ደርባ አስተኛችው። ውሃ ሊጠጣ እጁን ሲዘረጋ ቀድማ ብርጭቆውን ከንፈሩ ላይ ታደርስለታለች። ሊጠይቁት የሚመጡት ዘመዶችም፣ «አርፈህ ተኛ፤ ምን ጎደለብህ?» ይሉታል። እሱም ይተኛል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እግሮቹ እንደ ልብስ መለኪያ ሜትሩ ልፍስፍስ አሉ።

የሚሠራበት ልብስ ቤት አሳንሰር የሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቱ ጠረጴዛውን እስከ ክረምቱ ማብቂያ እንደሚያቆይለት፣ ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ሰው እንደሚቀጥር መልእክት ልኮበት ነበር። አባቴ መልእክቱን ሰምቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አንድ ቀን አክስቴ ገበያ ወጥታ ሳለ ግን ከደጃችን ደረጃ ላይ አገኘሁት። ሁለት ደረጃ ወጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ከንፈሩ ነጥቷል።

«ውሰጂኝ» አለኝ። የት እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ሐኪሙ የነገረን፣ የልብ ሕመምተኞች ስፖርት የሚሠሩበት ክፍል ከሆስፒታሉ ምድር ቤት ነው። የማይሄዱ ብስክሌቶች ግድግዳ ፊት ለፊት ተደርድረዋል። የምታሠራቸው ነርስ ደንቧ አንድ ነው፤ «እየሠራችሁ ማውራት ካቃታችሁ በዝቶባችኋል። መዝፈን ከቻላችሁ ደግሞ አንሷችኋል።» ከአባቴ ጎን አንድ የቀድሞ የከባድ መኪና ሾፌር ይቀመጣል። እሱን ወሬ አይቸግረውም።

«ጌታው፣ እንሽቀዳደም እንዴ?»

አባቴ ራሱን ይነቀንቃል።

«ይኼ ሰውዬ ጥሩምባው ተበላሽቷል መሰለኝ» ይላል ሾፌሩ ለሌሎቹ።

ነርሷ እየዞረች፣ «አባባ፣ እንዴት ነው፣ ከበደዎት?» ትለዋለች። አባቴ ትከሻውን ይሰብቃል። እሷ ታዲያ የብስክሌቱን ክብደት ትቀንስለታለች። ለሌሎቹ በየሳምንቱ ሲጨመር ለእሱ ይቀነስ ጀመር። በመጨረሻ ፔዳሉ በባዶ የሚዞር ሆነ። አንድ ቀን ነርሷ ኮሪደሩ ላይ ለብቻዬ ጠራችኝ።

«አባትሽ አሳስበውኛል። ትንሽ ሲንቀሳቀሱ ቃል ማውጣት ያቅታቸዋል።»

«ሳይንቀሳቀስም አያወጣም» አልኳት።

«ማለት?»

«አያወራም፣ ሲስተር። ጤነኛ ሆኖም አውርቶ አያውቅ።»

ግንባሯን በእጇ ያዘች። «እኔ እኮ ልባቸው ነው ብዬ ነው።» ከዚያ ገብታ አባቴ ፊት ለፊት ቆመች። «አባባ፣ ከእንግዲህ ካላወሩ አልጨምርልዎትም።»

አባቴ ተጨነቀ። ብዙ ከነዳ በኋላ፣ «ትከሻ፣ አርባ ስምንት» አለ። «ደረት፣ መቶ አሥር። እጅጌ፣ ስልሳ አራት።»

«የማን ልክ ነው?» አለ ሾፌሩ።

«ያንተ።»

«ለመገነዣዬ ነው እንዴ የምትለካኝ?»

ክፍሉ ሳቀ። አባቴም ከንፈሩን ገለጥ አደረገ። ያን ቀን ክብደቱ ተጨመረለት።

ነርሷ ቤትም በየጠዋቱ በእግሩ እንዲሄድ አዘዘችው። አክስቴ አኮረፈች፤ ሲብስባት ግን፣ «መሄድህ ካልቀረ ብቻህን አትወድቅም» ብላ ነጠላ ጫማዋን አጠለቀች። ክንዱን ጭምቅ አድርጋ ይዛ ትሄዳለች። ዝም ሲል፣ «አውራ እንጂ፤ ልብህ የት እንዳለ በምን ልወቅ?» ትለዋለች። መጀመሪያ የአላፊ አግዳሚውን ትከሻና ወገብ እየገመተ ይነግራት ነበር። ያ ሲያልቅበት ሌላ ነገር ይወጣው ጀመር። እኔ ከኋላቸው እየተከተልኩ ነው ስለ እናቴ ሲናገር የሰማሁት። «ስትሞት እጇን ይዤ ነበር። የምላት ጠፋኝ። አንድ ቃል እንኳ ሳልላት ሄደች።» አክስቴ ክንዱን ይበልጥ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። እርምጃቸውም አልተቋረጠም።

ሾፌሩ ከብስክሌቱ ከጠፋ ቆይቶ ነበር። ልጆቹ፣ «አባባ ደክሞታል፣ ይረፍ» ብለው ቤት አስቀርተውታል ተባለ። ብዙም ሳይቆይ መሞቱን ሰማን። አክስቴ ወሬውን ስትሰማ አባቴ እንዳይወጣ በሩን ዘግታ፣ እጀታውን ይዛ ቆመች።

«አየህ። እሱም ብስክሌት ሲነዳ ነበር።»

«ካቆመ ቆይቷል» አለ አባቴ።

«እና? ማቆሙ ነው የገደለው?»

«እሱን አላውቅም። መንዳቱ ግን አልገደለውም። ባልሽንም መስኮቱ አልገደለውም።»

አክስቴ እጇ እጀታው ላይ እንዳለ ቀረ። «ክፈትልኝ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። «ሞቆኝ ነበር።»

ይህን ከእሷ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። አባቴ እንደ ልማዱ ዝም የሚል መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ወንበር ስቦ አስቀመጣትና፣ «ከዚያ በፊት ስንት ቀን ደረቴን እያለ ሲያማርር ሰንብቶ ነበር። አብረን ሰምተነዋል። አልሽውም አላልሽውም ያው ነበር» አላት። ተነሥታ ወንበሩን ከበሩ ፊት አነሣችው። በነጋታው ሾፌሩን ልንቀብር ዳገቱን ስንወጣ ክንዱን አልያዘችውም፤ ጎን ለጎን ሄዱ።

ክረምቱ ሳያልቅ ወደ ልብስ ቤቱ ሄድን። አክስቴ ጉልበቷ ስለሚያስቸግራት ከደረጃው ግርጌ ቆመች፤ አባቴ ብቻዬን ልውጣ ስላለ እኔም ከእሷ ጋር ቀረሁ። በየፎቁ እየቆመ ድምፁን እንዲያሰማት አስማለችው። «አንደኛ ነኝ» አለ። ቆይቶ፣ «ሁለተኛ።» ከዚያ ዝም አለ። አክስቴ የብረቱን መደገፊያ አንቃ ወደ ላይ አንጋጠጠች። ልሮጥ ስል ከላይ የባልደረባው የልብስ ተኳሹ ድምፅ መጣ፤

«እስፒል፣ ምነው ከኔ ካውያ ብሰህ ትነፋለህ?»

«በመቀሴ ማነው ወረቀት የቆረጠው?» አለ አባቴ።

አክስቴ የታችኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠች።

በመስኮቱ በኩል የነበረውን ጠረጴዛውን ግን ባለቤቱ የክረምቱን ማብቂያ ሳይጠብቅ ለሌላ ሰው ሰጥቶት ነበር። ለአባቴ ጨለም ያለው ጥግ ደረሰው፤ ግማሽ ቀን ብቻ ይሠራል፣ ከባድ ጨርቅ አያነሣም። እንደ ድሮው አልሆነም፤ ይሆናል ያለንም አልነበረም። በእግር መሄዱን ግን አልተወም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሳንባውን ታሞ ሞተ። ሐኪሙ፣ «ልቡ እስከ መጨረሻው ሠርቷል» አለን። አክስቴ ለቅሶ ለሚደርሰው ሰው ሁሉ፣ ከመቀመጡ በፊት፣ ይህንኑ ትነግረው ነበር።