ብርቱካንማው ስካርፍ ሳጥኑ ላይ ይሆናል

ውሸት ነው ብዬ ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት። የጋሼ ልጅ ሰብለ ናት ጠዋት ደውላ «አባዬ አረፈ» ያለችኝ። ትናንት እኮ ከጋሼ ጋር ስለ ቅዳሜው ጨዋታ በስልክ ስንጨቃጨቅ ነበር! መልሼ ስደውልላት አብረን አለቀስን።

ጋሼ መኮንን ሞቱ፣ ጓደኞቼ። እየጻፍኩትም አላመንኩትም።

ለማታውቋቸው፣ ጋሼ ዴንቨር አጠገብ ኮሜርስ ሲቲ ባለው የዕቃ ማከማቻ ዌርሃውስ ውስጥ አብረውኝ የሠሩ፣ አውሮራ ያለ ሐበሻ ደግሞ በብርቱካንማ ስካርፋቸው የሚያውቃቸው ሰው ናቸው። ዴንቨር ያለ የአንድ ኮሌጅ የቅርጫት ኳስ ቡድን ደጋፊ ነበሩ፤ ስካርፉም የቡድኑ ነው። ቡድኑ፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ መሸነፍ የለመደ ነው።

እኛ እዚያ ኮሌጅ አልተማርንም። ልጆቻችንም አልተማሩም። ታዲያ እንዴት ደጋፊ ሆናችሁ ለምትሉኝ እንዲህ ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባችን መሄድ ስላልቻለ ትኬቶቹን ለእኛ ሰጠን። ሁለታችንም ስለ ቅርጫት ኳስ የምናውቀው ነገር አልነበረም። ቡድኑ ክፉኛ ተመታ። ጨዋታው ሳያልቅ ሰዉ ትራፊክ ሳይዘው መውጣት ጀመረ። እኔም ጃኬቴን አንስቼ ብድግ ስል ጋሼ እጄን ያዙኝ።

«ተቀመጪ! ልጆቹ እንዲህ ሆነው ጥለናቸው ልንሄድ ነው?»

ተቀመጥኩ። ሲያልቅ ወደ ታች ወርደው ተጫዋቾቹ የሚወጡበት በር ላይ ቆሙ። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ጎንበስ ብለው፣ የእያንዳንዱን ልጅ እጅ በሁለት እጃቸው እየያዙ «እግዜር ያጽናህ፣ እግዜር ያጽናህ» አሉ። በአማርኛ! ለቅሶ ቤት እንደገቡ! እኔ የምገባበት ጠፋኝ። የጥበቃ ሠራተኛው ሊያስወጣቸው ሲጠጋ፣ ከሁሉም የረዘመው ልጅ፣ ዓይኑ ደም መስሎ፣ ጎንበስ ብሎ አቀፋቸው። ያኔ እኔም አለቀስኩ።

መኪና ውስጥ «ጋሼ፣ የሞተ ሰው እኮ የለም!» አልኳቸው።

ቀበቷቸውን እያሰሩ «ላሸነፈማ ሰው ሞልቶለታል» አሉኝ።

በቃ፣ ደጋፊ የሆንነው ያን ዕለት ነው። ከዚያ ወዲህ ቡድኑ በተሸነፈ ቁጥር ጋሼ በሩ ላይ ናቸው። ልጆቹም ለምደዋቸው በዓይናቸው ይፈልጓቸው ነበር። ሲያሸንፉስ? ሰዉ ገና እየጨፈረ ጋሼ «ነይ እንሂድ፣ ዛሬ አንፈለግም» ብለው መኪና ሊያሞቁ ይወጣሉ።

ታዲያ ዛሬ ምን ሰማሁ? ጋሼ ስካርፉን ሳጥናቸው ላይ እንድታደርግላቸው ለልጃቸው ለሰብለ ነግረዋት ነበር። አንዳንድ የእድራችን ሰዎች ገና በጠዋቱ «ነውር ነው፣ ሽማግሌ ሰው በኳስ ጨርቅ አይቀበርም» ብለዋታል። ልጅቷ እያለቀሰች «ሰው ምን ይላል? ድራማ አልፈልግም፣ አይ ጀስት ካንት፣ አልችልም» አለችኝ።

ሰው የፈለገውን ይበል! በዚህ ዕድሜያቸው ኳስ ምን ያደርግላቸዋል ስትሉ የኖራችሁ፣ እናንተ ሐዘን ሲደርስባችሁ ቀድመው የሚደርሱት፣ ወንበር ተሸክመው የሚያስገቡት፣ ሰው ሁሉ ሲሄድ የሚቀሩት ማን ነበሩ? እሳቸው ናቸው። የእናንተ ሳሎንና ያ ኳስ ሜዳ ለእሳቸው ልዩነት አልነበረውም። አንዱን ወዳችሁ በሌላው ልታፍሩባቸው አትችሉም።

ስካርፉን ሳጥኑ ላይ እኔ ራሴ አደርገዋለሁ። ቅሬታ ያለው ሰብለን ይተዋትና ወደ እኔ ይምጣ፣ ስልኬ ክፍት ነው። ብርቱካንማ ነገር ያላችሁ ደግሞ ከጥቁሩ ላይ ደርባችሁ ኑ።

ጋሼዬ፣ እርስዎ ሰው አስቀይመው አያውቁም። እኔ ግን ዛሬ በእርስዎ ምክንያት ብዙ ሰው ሳላስቀይም አልቀርም፤ ግድ የለኝም። ልጅዎን አንገቷን አላስደፋትም። ያዘዙት ይፈጸማል። በሰላም ይረፉ፣ የኔ አባት። የሚያጉረመርም ያጉርምርም፤ እኔ እርስዎን የምቀብረው ኮርቼ ነው።